ቆጥሬ ልመርቅህ

በኑግ አገር፣ ከአንዲት የወረዳ ከተማ መውጫ ላይ፣ አንድ ዘይት መጭመቂያ ነበረ። ሰፈሩ ስሙን ከእሱ ወስዶ «ዘይት ቤት» ይባላል። ማለዳ ማሽኑ ሲነሣ የሚሞቀው የኑግ ሽታ እስከ ገበያው ይደርስ ስለነበር፣ የሰፈሩ እናቶች «ዘይት ቤት ተነሥቷል፣ ተነሥ» እያሉ ልጆቻቸውን ለትምህርት ይቀሰቅሱ ነበር።

መጭመቂያውን ያቆመው ሰው ፊደል አልቆጠረም። በአንድ ማሽንና በአራት ሰው ጀመረ፤ ሲሞት ሦስት መጭመቂያ፣ አንድ ማጣሪያ፣ ሰፊ ግቢና 23 ሠራተኛ ነበረው። ሦስት ልጆቹ ወርሰው ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አደረጉት። ታላቅየው አዲስ አበባ ብረታ ብረት ይነግዳል፤ መካከለኛዋ ባሕር ዳር ታስተምራለች፤ ታናሹ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ይኖራል። ከሦስቱ አንዳቸውም እጃቸው ዘይት ነክቶት አያውቅም፤ ያደጉት ግን በዘይት ነው።

አንድ ክረምት ተሰብስበው፣ ታናሹም በስልክ ሆኖ፣ ይዘጋ አሉ። አልከሰሩም። አንባቢዬ ይህን ልብ ይበሉልኝ፣ ታሪኩ በሙሉ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነውና። ከውጭ የሚገባው የፓልም ዘይት የኑጉን ገበያ አጥብቦታል፤ ኑግ ተወዷል፤ ትርፉ ቀጥኗል። ያም ሆኖ ድርጅቱ ዕዳውን ሁሉ ከፍሎ የሚተርፈው ነበረው። መጋዘን ፈላጊ ነጋዴዎች ግቢውን እየዞሩ ያዩት ነበር። ልጆቹ ደከማቸው፤ ከአባታቸው ማሽን ይልቅ የአባታቸው መሬት ዋጋ እንዳለው አዩ። መብታቸው ነው፤ በዚህ ማንም አይከሳቸውም። የራሱን በር መዝጋት የማይችል ሰው የለም።

እስከ ጥር ድረስ የተገዛው ኑግ ተጨመቀ። ከዚያ ቃለ ጉባኤው ተጻፈ፣ ማኅበሩ ይፍረስ ተባለ፣ ሒሳብ አጣሪ ተሾመ።

አጣሪው ጡረታ የወጣ የሒሳብ ሰው ነበር፤ የገበሬ ልጅ፣ እርሳሱን ጆሮው ላይ የሚሰካ። የመጣ ዕለት ማጣሪያው ጋ የምትሠራው አሮጊት ወሬውን ሰምታ ቆማ ጠበቀችው። ሥራዋ የማጣሪያውን ጨርቅ ማጠብና ፋጉሎውን ወደ ጆንያ ማፈስ ነው። 22 ዓመት ሠርታለች። ታላቅየው ገና ተማሪ ሳለ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ጆንያ ላይ ተቀምጦ የቤት ሥራውን ይሠራ ነበር፤ እሷም ከምሳዋ ታጎርሰው ነበር።

«አንተ ነህ አሉ አጣሪው?» አለችው።

«እኔ ነኝ፣ እማማ።»

«ማጣራት እኔም አውቃለሁ። ጨርቁ ሳይታጠብ የተጣራ ዘይት፣ ከላይ ሲያዩት ያምራል፤ ሳምንት ሲቆይ ግን ታቹ ይጠቁራል።»

አጣሪው ዝም ብሎ ራሱን ነቀነቀላት።

ችግሩ የጀመረው እሱ ከመምጣቱ በፊት ነበር። ሥራ አስኪያጁ ለባለቤቶቹ ወጪ የሚቀንስ መስሎት አንድ ወረቀት አዘጋጅቷል። ወረቀቱ «በገዛ ፈቃዴ ሥራዬን ለቅቄያለሁ፤ ከድርጅቱ የምጠይቀው ምንም ነገር የለም» ይላል። የፈረመ ሰው እዚያው የሁለት ወር ደሞዝ ይቆጠርለታል። ዘጠኙ ፈረሙ። አልፈርድባቸውም፤ በጥር ወር የቤት ኪራይና የልጅ ወጪ ያለበት ሰው ጥሬ ገንዘብ ፊቱ ተዘርግቶ ሲያይ የሚያስበው ስለ ዛሬ ነው። ከእነሱ አንዱ ብሩን ይዞ በማግስቱ ለሥራ ወደ መተማ ወረደ።

አሮጊቷ ግን ወረቀቱን ተቀብላ ወደ ዘበኛው ሄደች። ዘበኛው ወታደር የነበረ፣ የተጻፈ ነገር ሁለት ጊዜ ሳያነብ የማያልፍ ሰው ነው።

«ምን ይላል?»

«በገዛ ፈቃዴ ለቀቅሁ ይላል።»

«ማሽኑን ያጠፋው ማን ነው?»

«እነሱ ናቸዋ።»

«እንግዲያ የለቀቁት እነሱ ናቸው። እኔ ነገም ጠዋት እመጣለሁ» አለችና ወረቀቱን አጥፋ መቀነቷ ውስጥ ከተተችው። በማግስቱም መጣች። በቆመው ማሽን አጠገብ ተቀምጣ ጨርቅ ስታጥብ ዋለች።

አጣሪው ይህን ሲሰማ አልተቆጣም። ታላቅየውን ጠርቶ «ኑግ በዱቤ የሰጠን አንድ ገበሬ አለ፤ ሒሳቡን ላስታርቅ እሄዳለሁ፣ አብረን እንሂድ» አለው። በመኪና አንድ ሰዓት፣ በእግር ደግሞ ግማሽ ሰዓት ሄደው አውድማው ላይ ደረሱ።

ገበሬው ጤፍ እያስበራየ ነበር። በሬዎቹ እየዞሩ በመሀል ጎንበስ ብለው አፋቸውን ይሞላሉ፤ ማንም አይመታቸውም። ሽማግሌው እንግዶቹን አስቀምጦ ጠላ ካቀረበ በኋላ እንዲህ አላቸው፦ «የመጨረሻ አውድማዬ ነው። ዘንድሮ በሬዎቹን እሸጣለሁ። ልጄ ከተማ ቤት ሠርታ ና ትለኛለች፤ ጉልበቴም እንቢ አለኝ።»

አውድማው ዳር አንድ ነጋዴ አህያውን ይዞ ይጠብቃል፤ ለማዳበሪያ ያበደረውን በእህል ሊወስድ ነው። የገበሬው ሁለት ወንዶች ልጆችም ጆንያ ይዘው ቆመዋል። እህሉ ተመነሸ፣ ቁናው ቀረበ። ሽማግሌው ነጋዴውን አልጠራም፤ ልጆቹንም አልጠራም። ለ11 ዓመት ያረሰለትን ቅጥር አራሽ ጠራ። የተዋዋሉትን ያህል ሰፈረለት። ሲጨርስ ቁናውን አላስቀመጠም፤ ደግሞ መስፈር ጀመረ።

ታላቅየው ነጋዴ ነውና ቆጥሮ ኖሯል። «አባቴ፣ ይኸኛው የምኑ ነው?» አለ።

«የሁለት ወር ቀለብ ነው። ከእኔ ሲለይ ሌላ ጌታ ወዲያው አያገኝም፤ አራሽ የሚቀጥር ሰው በዚህ ወር የለም። እስኪያገኝ ይብላ።»

«እርስዎ ግን እህሉ ሳይጎድልብዎ...»

«ኧረ ልጄ! እሱ እኮ ነው ነገሩ» አለ ሽማግሌው፣ ቁናውን እጁ ላይ እንደያዘ። «በረዶ መትቶኝ ቢሆን እሱም እኔም አብረን እናለቅስ ነበር፤ ከጠፋው ላይ የቀረችውን እንካፈል ነበር። አሁን አውድማዬ ሞልቷል። የደከመኝ እኔ ነኝ። እኔ ስለደከመኝ እሱ ለምን ይራባል?»

ከዚያ ነጋዴውን ጠራ፣ የእሱንም ሰፈረለት። ልጆቹ በመጨረሻ የተረፈውን ወሰዱ፤ ብዙ ነበር።

በመልሱ መንገድ ላይ ታላቅየው ብዙ ሳይናገር ቆየና «ደግ ሰው ነው። ደግነት ግን ደግነት ነው፤ ሕግ አይደለም» አለ። «እኛ እኮ አልከሰርንም፣ ጋሼ። የከሰረ ሰው ሕግ እኛን አይመለከትም። ማንንም በጥፋት አላባረርንም፤ መርጠንም አልቀነስንም። ሥራው አለቀ። ሥራ ሲያልቅ ውሉ አብሮ ያልቃል።»

«ውሉ ማለቁን ልክ ብለሃል» አለ አጣሪው። «የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ቁጥር 1156/2011፣ ድርጅት ለዘለቄታው ሲዘጋ ውሉ በሕግ ይቋረጣል ይላል። ግን የመዘጊያውን ምክንያት ሲጠራ ኪሳራን ብቻ አልጠራም። ኪሳራም ይሁን ሌላ ምክንያት፣ ለሠራተኛው አንድ ነው። አንተ ኪሳራን አንብበህ ሌላውን ዘለልኸው። በፈቃድ መዝጋት ያው ሌላው ምክንያት ነው። ቆይ፣ የማጣሪያዋን እናት እናስላት።»

እርሳሱን ከጆሮው ላይ አውርዶ ገበሬው በሰጠው ደረሰኝ ጀርባ ላይ ጻፈ። ደሞዟ በወር 3,600 ብር ነው፤ በቀን 120 ይደርሳል ማለት ነው። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን፣ 3,600። ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሲሶ፣ 1,200፤ በ21 ዓመት 25,200። የስንብት ክፍያዋ ድምር 28,800 ይሆናል። አዋጁ ይህን ክፍያ ከ12 ወር ደሞዝ እንዳይበልጥ ይገድበዋል፤ የእሷ 12 ወር 43,200 ስለሆነ ገና ከጣሪያው በታች ናት።

«ይህ ስንብቱ ነው» አለ። «አሁን ደግሞ የሽማግሌው ሁለተኛ ስፍር አለ። ድርጅት ተዘግቶ ሲሰናበቱ የ60 ቀን ደሞዝ ይጨመርላቸዋል፤ ለእሷ 7,200። ጠቅላላ 36,000። ከዚህ ላይ የመንግሥት ግብር ይነሣል። የመጨረሻው ወር ደሞዝና ያልወሰደችው የዓመት ዕረፍት ግን በዚህ ውስጥ አይደለም፤ እሱ ለብቻው፣ በሰባት የሥራ ቀን ውስጥ ነው የሚከፈለው። ያንን ካዘገየን ፍርድ ቤት እስከ ሦስት ወር ደሞዝ ሊጨምርብን ይችላል።»

ታላቅየው ወረቀቱን ተቀብሎ አየው። «60 ቀን» አለ ለራሱ። «ሁለት ወር።»

«ሁለት ወር።»

«ዘጠኙ እኮ ፈርመዋል።»

«አይቻቸዋለሁ። ማኅበሩን ለማፍረስ የወሰናችሁበት ቃለ ጉባኤ ቀን አለው። የእነሱም ወረቀት ቀን አለው። በራችሁን ለመዝጋት ከወሰናችሁ ከአራት ቀን በኋላ ዘጠኝ ሰው በአንድ ጠዋት፣ በአንድ ዓይነት ቃል፣ በገዛ ፈቃዱ ለቀቀ። ሁለቱን አንድ ላይ ሰፍቼ ፋይሉ ውስጥ አስቀምጫቸዋለሁ። አንድ ቀን ዳኛ ፊት ቢቀርቡ ጎን ለጎን ይነበባሉ። አየህ፣ ያ ወረቀት ምን እንደሚያስቀር ሥራ አስኪያጁ አስቦበታል። አምስት ዓመት የሠራ ሰው በፈቃዱ ቢለቅ እንኳ ስንብቱ አይቀርበትም። 60ው ቀን ግን ይቀርበታል፤ አምስት ዓመት ያልሞላውማ ሁለቱንም ያጣል። የሰጣችኋቸው የሁለት ወር ደሞዝ የራሳቸው 60 ቀን ነው፤ በእሱ የቀረውን መብታቸውን ልትገዙበት ነበር።»

«ታናሼ ድርሻውን እየጠበቀ ነው፣ ጋሼ። ማሽኖቹ እንደተሸጡ እልክልሃለሁ ብዬዋለሁ።»

አጣሪው መኪናዋን ዳር አስያዛት። «ልጄ፣ ድርሻ የሚባለው ዕዳው ሁሉ ሲያልቅ የሚተርፈው ነው። እስከዚያ ድረስ የእናንተ የሚባል ብር የለም። የሠራተኛ ገንዘብ ደግሞ በአዋጁ ከሌላው ዕዳ ሁሉ ይቀድማል፤ ድርጅት ሲፈርስ በ30 ቀን ውስጥ እንዲከፈልም ታዝዟል። ከእነሱ አስቀድሜ ለአንተ አንድ ብር ብሰጥ ተጠያቂው እኔ ነኝ። በዚህ ዕድሜዬ ከዚያች ሴት ጋር ፍርድ ቤት አልቆምም። ካልተስማማችሁ ሌላ አጣሪ ሹሙ።»

ሌላ አጣሪ አልሾሙም። ለምን እንደሆነ ታላቅየው ለማንም ተናግሮ አያውቅም። እኔ ሳስበው፣ የሽማግሌው ጥያቄ መልስ ያጣለት ይመስለኛል።

መካከለኛዋ ከባሕር ዳር የመጣችው በዚያ ሳምንት ነው። አጣሪው «የአባታችሁን ሣጥን ስጡኝ» ብሎ ነበርና፣ አልጋ ሥር የነበረውን የቆርቆሮ ሣጥን እሷ አወጣችው። ሥራ አስኪያጁ ያቀረበው ዝርዝር 17 ስም ነበረው። ስድስቱ ጫኝና አውራጆች የሉበትም። «እነሱ የቀን ሠራተኞች ናቸው፤ ውል የላቸውም» ነበር ምክንያቱ። ሣጥኑ ሲከፈት ግን ፊደል ያልቆጠረው አባት የእያንዳንዱን ወር የደሞዝ ሉህ በገመድ አስሮ አስቀምጦ ኖሯል። ማንበብ ስለማይችል መሰለኝ፣ አንዱንም አልጣለም። መምህርቷ መሬት ላይ ተቀምጣ ሉሆቹን ገለጠች። ስድስት የአውራ ጣት አሻራ፣ በየወሩ፣ ዓመት ከዓመት፣ አንዳንዱ በሰማያዊ ቀለም፣ አንዳንዱ በጥቁር። የአንደኛው አውራ ጣት ላይ ጠባሳ አለ፤ ከሉህ ወደ ሉህ ያ ጠባሳ እየተከተላት መጣ። ስድስት ዓመት ቆጠረች።

የቀን ሠራተኛ የሚል ስም የሥራውን ባሕርይ አይለውጠውም። ሕጉ ውል የግድ በወረቀት ይሁን አይልም፤ በሕጉ ተለይተው ለተጠቀሱ ሥራዎች ካልሆነ በቀርም ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል። በየቀኑ ሲከፈለው ስድስት ዓመት ኑግ ያወረደ ሰው፣ ስድስት ዓመት የሠራ ሰው ነው። ዝርዝሩ 23 ሆነ።

ሥራ አስኪያጁ በመጨረሻ የራሱን ጠየቀ። አጣሪው ቀስ ብሎ ነገረው፦ የሥራ መሪ በዚህ አዋጅ አይዳኝም፤ የእሱ ጉዳይ በፍትሐ ብሔር ሕጉና በውሉ ነው የሚታየው። ውሉን አብረው አነበቡት። የሚገባው ተከፈለው፤ የሌሎቹን ያህል ግን አልነበረም። ሰውየው ወረቀቱን ይዞ ብዙ ቆመ።

ወደ መተማ የወረደውን ዘበኛው በስልክ ፈለገው፤ ሦስት ቀን አልተገኘም። ዘበኛው በየማታው ይደውል ነበር፤ ምክንያቱም አጣሪው ከሥራ ውል መቋረጥ የሚመጣ የክፍያ ጥያቄ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ እንደሚታገድ ነግሮት ነበር። ስንቱ ሰው መብቱን ያጣው ተከልክሎ ሳይሆን ራቅ ብሎ ስለኖረ ነው! በአራተኛው ቀን ስልኩ ተነሣ። «ና» አለው ዘበኛው። «የፈረምኸው ወረቀት አንተን አልለቀቀህም።»

ማሽኖቹን አንድ የሌላ ከተማ ነጋዴ ገዛቸው። የመክፈያው ቀን ተቆረጠ።

ታላቅየው በዚያ ቀን ደግሞ ሌላ ሐሳብ መጣለት፤ ክፉ ሐሳብ አልነበረም። በግ አሳረደ፣ ድንኳን አስተከለ፣ ፎቶ አንሺ ጠራ። አብዛኞቹ ሠራተኞች ገንዘባቸው በባንክ ደብተራቸው እንዲገባ ጠይቀው ነበር፤ ለእነሱ ማዘዣው፣ በእጃችን ይሁን ላሉት ደግሞ ብሩ በፖስታ ሆኖ ጠረጴዛ ላይ ተደረደረ። ፖስታው ላይ በሚያምር ጽሑፍ «ከቤተሰባችን የተበረከተ ስጦታ» ይላል። ስም ሲጠራ አንዱ ይነሣል፣ ይቀበላል፣ ታላቅየው ያቅፈዋል፣ ፎቶ ይነሣል። ሰዉም ያጨበጭባል።

የአሮጊቷ ስም ተጠራ። ነጠላዋን አስተካክላ መጣች። ፖስታውን ተቀብላ ወደ ዘበኛው ዞረች።

«እላዩ ላይ ምን ይላል?»

ዘበኛው አነበበ፤ ሁለት ጊዜ አነበበ። «ስጦታ ይላል፣ እማማ።»

ፖስታውን ጠረጴዛው ላይ መልሳ አስቀመጠችው።

«ልጄ» አለችው ታላቅየውን። «ስጦታ ከሆነ አልቆጥረውም፤ ሰው የሰጠኝን ፊቱ ላይ መቁጠር ነውር ነው። እጅ ነሥቼ፣ መርቄ እሄዳለሁ። የሠራሁበት ከሆነ ግን እቆጥረዋለሁ። የትኛው ነው?»

ፎቶ አንሺው ካሜራውን ዝቅ አደረገ። ታላቅየው አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው። የእርሳሱ ሒሳብ የተጻፈበት ደረሰኝ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከኪሱ አልወጣም ነበር፤ እጁ ወደዚያ ሄደ። ከዚያ ራሱ ፖስታውን አነሣ፣ ቀደደው፣ ብሩን ብቻውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ደረሰኙንም አጠገቡ ዘረጋው።

«የሠራሽበት ነው፣ እማማ። ቁጠሪው።»

ባዶ ጀሪካን አምጥተው አስቀመጡላት። ብሩን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ጣቷን በምላሷ እያራሰች፣ አንድ በአንድ መቁጠር ጀመረች። አንዴ መሀል ላይ ተሳሳተችና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች። ወጡ ቀዘቀዘ። ማንም አልተነሣም። ጫኞቹ ቆመው ያዩዋታል፤ ቀደም ብለው ፖስታቸውን ሳይከፍቱ ኪሳቸው የከተቱት ሰዎች አንድ በአንድ አውጥተው መቁጠር ያዙ። ድንኳኑ ውስጥ የሚሰማው የብር ድምፅ ብቻ ሆነ።

ጨረሰች። ዘበኛውን ደረሰኙ ላይ ያለውንና የተነሣውን ግብር አስነበበችው። ልክ ነው። ብሩን በመቀነቷ ጠቅልላ ወገቧ ላይ አሰረችው፤ ያን ያልተፈረመውን ወረቀት ከዚያው አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ተወችው። አውራ ጣቷን ቀለሙ ላይ ጫነች፣ በመክፈያው ዝርዝር ላይ ስሟ ፊት አሳረፈች፣ ቀና አለች።

«አሁን ና» አለችው። «ጎንበስ በል፣ ልመርቅህ።»

ጎንበስ አለ። እጇን ራሱ ላይ ጭና ስለ አባቱ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለሚከፍተው ስለማንኛውም በር ረዥም ምርቃት መረቀችው። ቀና ሲል የአውራ ጣቷ ሰማያዊ ቀለም ግንባሩ ላይ ቀርቶ ነበር።